ብልቃጥ ውስጥ የነበረው ሸረሪት

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ አሶሳ ውስጥ የቢሮ ታፔላ ሁሉ ቀለሙ አልደረቀም። እኛ ከወሎ በሰፈራ መጥተን አባታችንን እዚያው የቀበርን ነን። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ሸረሪቱንም ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው።

እሱ አባታችን ሲሞት ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ መጣ፤ መምህር ጠፍቶ ስለነበር ሳይንስ እንዲያስተምር ቀጠሩት። ቀርከሃ ጫካው ውስጥ፣ በተሰነጠቀ ግንድ ሆድ፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ሸረሪት አገኘ። አዲስ አበባ ላሉት የቀድሞ መምህሩ ላከላቸው። «አዲስ ዝርያ ትመስላለች፤ ግን የላክኸው ሁሉ ሴት ነው። ወንዱን አምጣ። ከተረጋገጠ ትምህርትህን እንድትጨርስ እኔ እከራከርልሃለሁ» አሉት። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ያሉት ትንንሽ እጆቹ ጫፋቸው እንደ ቡጢ ያበጠ ነው፤ ዝርያው የሚለየው በዚያ ቡጢ ቅርጽ ነው።

ግንድ ስንሰነጥቅ ከረምን። ኅዳር ላይ አንድ ወንድ አገኘን፤ አንድ ብቻ። በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ።

«አየሽ? ሊደባደብ የመጣ ይመስላል!»

የጤና ጣቢያው አልኮል አልቆ ስለነበር እንዳይበሰብስ በመርፌ ብልቃጥ ጠንካራውን ዳገም አረቄ ሞልቶ ሸረሪቱን ከተተው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ከእናታችን ደብቆ ሣጥን ሥር አስቀመጠው። ቤታችን የሙስሊም ቤት ነው፤ አረቄ ደጃፉን አልፎ አያውቅም።

ለስልጠና ባምባሲ ሰንብቶ ሲመለስ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ልጅ! ረመዳን ሊገባ ቤት ሳጸዳ ምን አገኘሁ? አረቄ! ደግሞ ውስጡ ሸረሪት! ነቢያችንን በዋሻ ከጠላት በድሯ የጋረደች ፍጥረት አረቄ ውስጥ ትነከር? ወላሂ ዘገነነኝ። ደፍቼ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ንጹሕ ውሃ ሞላሁላት።»

ብልቃጡን ብርሃን ላይ ይዞ ነቅነቅ አደረገው። ሸረሪቱ በስብሶ እንደ ቆሸሸ ጥጥ ተበተነ።

«እማ፣ ወንዱ እኮ ነበር» አለ ብቻ።

«ታዲያ ወንድ ሸረሪት ሞልቶ! አብሽር ልጄ፣ እህትህ ነገ ትለቅምልሃለች።»

በማግስቱ ጫካው ሄድን። ያን ዓመት ቀርከሃው አብቦ ነበር፤ ቀርከሃ ደግሞ አንዴ ካበበ ይሞታል። የደረቀውን ጫካ ሰደድ እሳት ጨርሶት ደረስን። አመዱ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። ቆመው የቀሩትን ግንዶች ሰነጠቅን፤ ውስጣቸው ከሰል ነው። የአዲስ አበባው መምህሩም ያለ ወንዱ ሊከራከሩለት አልቻሉም።

ወንድሜ በዓመቱ ዝውውር ጠይቆ ድባጤ ሄደ። እዚያ ሒሳብ አስተማረ።