ትራስ የሌለው ሲኒማ

በሰፈራችን «ድሎት» ሲባል ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሥራው ያወጣለት ነው። ፍራሽ ሠሪ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፍራሹን ቁመትና ወርድ ሳይሆን «በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?» ብሎ ነው። ከዚያ ጥጡን ይነድፋል፣ ይጠቀጥቃል፣ በረጅሙ መርፌ ይሰፋል። ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ ራሱ ይጋደምበታል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆይና «ድሎት!» ብሎ ይነሣል። ይህን ቃል ካላለ ፍራሹ ከሱቁ አይወጣም። እኔ ከሱቁ አጠገብ አናጢ ነኝ። አልጋውን እኔ፣ ፍራሹን እሱ እየሠራን አብረን አረጀን። የዚህ ሰፈር ሰው ግማሹ በእኛ በሁለታችን ላይ ነው የሚተኛው።

ባለቤቱን «ተቆጣጣሪዋ» እንላታለን። በወጣትነቷ ከገበያው ማዶ በነበረው ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆማ ትኬት ትቀበል ነበር። ፊልሙ ሲጀመር በሩን ከውስጥ ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ ታያለች። ሲኒማ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ቆማ አይታ፣ አንድ ቀን እንኳን ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ድሎት ደግሞ ሥራ ስለማይለቀው ሲኒማ ቤት እግሩ አልረገጠም። ማታ ራት ላይ እሷ ታወራለታለች፣ እሱ እንጀራው እጁ ላይ እንዳለ «ከዚያስ?» ይላል። ፊልም ያየው በሚስቱ አፍ ነው ማለት ይቻላል። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋም በኋላ በቴሌቪዥን እያየች ወሬው አልተቋረጠም።

ያቋረጠው ጆሮዋ ነው። እያደር ከበደ። ሐኪም ቤት ሄዳ በጆሮ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ተሰጥቷት ነበር፤ «እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጭብኛል» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እናም የቴሌቪዥኑን ድምፅ መጨመር ሆነ ሥራዋ። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የምትኖረው ነርስ ናት። ሌሊት ሆስፒታል አድራ ቀን ነው የምትተኛው። ነርሷ ለቤቱ ባለቤት ነገረች፤ የቤቱ ባለቤት መጣ። አንድ ጊዜ በደህና ቃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ኮስተር ብሎ።

«አባባ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከመጣሁ ቤቱን እንድትለቁ ልነግራችሁ ነው የምመጣው» አለ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። ተቆጣጣሪዋ ተነሥታ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለች፣ ጠቀለለች፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሳ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ያህል በዚያ ቤት ራት ላይ ከማንኪያ ድምፅ በቀር የሚሰማ ጠፋ። «ዝም ብላ ግድግዳ ታያለች» አለኝ ድሎት አንድ ቀን። «ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

በሳምንቱ ሱቄ መጥቶ ቆመ።

«አንተ፣ ትርፍራፊ እንጨት አለህ?»

«ለምንህ?»

«ሲኒማ ቤት ልሠራ ነው።»

መጋዜን አስቀመጥኩ። «የት?»

«ቤቴ ውስጥ ጥጥ የማስቀምጥበት ክፍል።»

ያችን ክፍል አውቃታለሁ። ርዝመቷ አራት እርምጃ፣ ወርዷ ሦስት ናት፤ አንዱ ግድግዳዋም የነርሷ መኝታ ቤት ነው። «እዚያ ውስጥ እኮ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ እስኪተነፍስ ሌላው መውጣት አለበት» አልኩት።

«አንተ እንጨቱን አምጣ፤ ለትንፋሹ እኔ አለሁ» አለ።

ሥራውን ጀመርን። ፕሮጀክተሩን ያገኘው አንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ብሎ ዕቃ ቤት ከጣለው ነው። ለመምህራን ማረፊያ ሁለት ፍራሽ አድሶ በለውጥ ወሰደው። ከምስሉ ጥግ ቢጫ ነጥብ አለችበት፤ «ጨረቃ ነው በላት» አለኝ። ክፍሉ አጭር ስለሆነ ምስሉ ከትራስ ልብስ አልበልጥ አለ። ያኔ ከበሩ በላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት መስታወቷን አነሣሁና ፕሮጀክተሩን ከውጭ መተላለፊያው ላይ በመደርደሪያ ሰቀልኩት። ብርሃኑ በመስኮቷ፣ ከሰው ራስ በላይ ይገባል። ምስሉ ሰፋ፣ የማሽኑም ማጉረምረም ውጭ ቀረ። መጋረጃውን ድሎት ከፍራሽ አቡጀዲ ሠራው። እኔ በሠራሁት ክፈፍ ላይ ወጥሮ ዙሪያውን ሲሰፋው አንዲት መጨማደድ የለችም፤ በጣት ብትመታው እንደ ከበሮ ይላል። ጠርዙን ከተሰበሩ ጃንጥላዎች በፈታው ጥቁር ጨርቅ ከበበው።

ከዚያ ግድግዳዎቹ። ሰው የጣለውን አሮጌ ፍራሽ ሁሉ ሰብስቦ፣ ጥጡን እንደገና ነድፎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ከወለል እስከ ጣሪያ ደረደረው። በነርሷ በኩል ሁለት ድርብ አደረገ። በመጨረሻ በሩ ላይ ሲደርስ ጥጡ አለቀ።

«ፍራሽ ሠሪ ጥጥ አለቀበት ቢባል ማን ያምናል?» አልኩት።

«አፍህን ያዝና ስፒከሮቹን ስቀል» አለኝ።

ግድግዳው ሁሉ ጥጥ ለብሶ ምስማር የሚይዝ ቦታ ስላጣሁ ሁለቱን ስፒከሮች የበሩ ሳንቃ ላይ አጥብቄ ሰቀልኳቸው። እሱ እስከዚያ ምርጡን ጥጥ ቀድሞ የከተተበትን መቀመጫ ጨረሰ። ስለዚያ መቀመጫ ምን ልበል! ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ሦስት ንብርብር ጥጥ ያለው፣ ክንዱ እንኳን በስፖንጅ የተለበጠ ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች» አለ እየዳበሰው። «አሁን ትቀመጥ።» ጫማውን አውልቆ ተጋደመበት። «ድሎት!» ያለው ቃል በዕድሜው ብሎት ከሚያውቀው ሁሉ የረዘመ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ነርሷ ዘመድ ጥየቃ ከከተማ ወጥታ ነበር። ሁለቱም ተቀመጡ፤ እኔ መሬት ላይ ከጥጥ ከረጢት ተደገፍኩ። ፊልሙ ተጀመረ። ስለ አንዲት ባቡር ጣቢያና ስለ ጣቢያው ሹም ነው። ምስሉ ግሩም ነው። ድምፁ ግን ለእኔ ለደህናው ሰው እንኳን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ጥጡ ውጦት ቀርቷል። ተቆጣጣሪዋ በመቀመጫው ውስጥ ሰጥማ አገጯ ብቻ ይታያል። ድሎት በየደቂቃው ፊልሙን ትቶ ፊቷን ያያል።

«እንዴት ነው?» ብሎ ጆሮዋ ስር ጮኸ።

«ያምራል» አለች።

ሰው የማይሆነውን ልብስ ሲሰጡት የሚላት «ያምራል» ናት። ድሎት ገባው። ትከሻው ወረደ። ያ ሁሉ ሥራው ገደል ገባ ብሎ ሲያስብ ከፊቱ አነበብኩት፤ እኔም መዶሻዬን አገላብጥ ጀመር።

«ወገቤን አመመኝ፤ አንሡኝ» አለች ተቆጣጣሪዋ። ሁለታችን ጎትተን አወጣናት። ለመውጣት ወደ በሩ ሄደች። ሄደችና እንደ ድሮ ልማዷ ዞራ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። መጋረጃው ላይ ሰውዬው ባዶ ሐዲድ እያየ ቆሟል።

«ባቡር መጣ» አለች።

ምንም ባቡር አልነበረም። ድሎት ዞሮ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ጥግ፣ ከቢጫዋ ጨረቃ ስር፣ ባቡሩ ብቅ አለ።

«በምን አወቅሽ?» ድሎት ዘሎ ፊቷ ቆመ። «ሰማሽው?»

«ምኑን እሰማለሁ? በሩ ነገረኝ እንጂ» አለች፤ መዳፎቿን ስፒከሮቹ ከሚያንቀጠቅጡት ሳንቃ አላነሣችም። «ድሮም እኮ በሩ ነበር የሚነግረኝ። ዝም በሉ እስቲ! ይሄ የጣቢያ ሹም ነኝ የሚለው ሰው ሊዋሽ ነው።»

«ቃሉ ይሰማሻል?»

«የድሮዎቹን የውጭ አገር ፊልሞችስ ቋንቋ መቼ አውቄው? የሚዋሽ ሰው ድምፁ ይቀጥናል፤ የሚቆጣ ወገብ ላይ ይመታል። ያ ይበቃኛል። ዞር በል፣ ጋረድከኝ!»

ሁለት ወር ሙሉ ትርፍ ቃል ያልወጣት ሴት ባሏን ዞር በል ስትል እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሱ ግን አልሳቀም። አንድ ጊዜ በሩን፣ አንድ ጊዜ መቀመጫውን ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ስሄድ ያንን መቀመጫ በመቀስ ሲቀደው ደረስኩ። ጥጡ እንደ ተበተነ ደመና ወለሉን ሞልቶታል።

«ምነው፣ ምን ነካህ?»

«ድምፁን የበላው ይሄ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ልስላሴ ብቻ የሚፈልግ መስሎኝ… ሳንቃ አምጣ። ቀጭንና ደረቅ። አንተ ምን ጊዜም የምትሠራውን የሚቆረቁር ወንበር ሥራልኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል እንጣላ ነበር። ደረቅ ሳንቃ መርጬ፣ መደገፊያው እስከ ትከሻ የሚደርስ አግዳሚ ሠራሁ። አንዱን ስፒከር ከመቀመጫው ስር፣ ሌላውን ከመደገፊያው ጀርባ አሰርኩ። ንዝረቱ ወደ ወለልና ወደ ግድግዳ እንዳይሄድ ደግሞ እግሮቹን ከአሮጌ ጎማ በቆረጥኳቸው ጫማዎች ላይ አቆምኳቸው፤ ከግድግዳውም በአንድ ክንድ አራቅኩት። ድምፁ ዝቅ ብሎ እንኳን መዳፍህን ብታሳርፍበት ሳንቃው ያወራል። ድሎት ተቀመጠበት። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ፣ ተነሣ።

«እንግዲህ ያን ቃልህን አትልም?» አልኩት።

«ሲቆረቁር ምን ልበል?» አለ።

ቀሪው ፈተና ነርሷ ነበረች። ድሎት ተደብቆ ማየት አልፈለገም። «ሲስተር ተኝታ ካልሞከርነው ሠርተነዋል አይባልም» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘጋን። ነርሷ ጠዋት ከሥራ ስትገባ አይተናታል። የባቡሩን ፊልም ከመጀመሪያው ጀመርን። ተቆጣጣሪዋ አግዳሚው ላይ ጀርባዋን አሳርፋ፣ ሁለት መዳፏን በጎንና በጎኗ ዘርግታ ተቀመጠች። ሲኒማ ውስጥ ተቀምጣ ፊልም ስታጣጥም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አንዳንዴ ከእኛ ቀድማ ትስቃለች፤ እኛ ደግሞ የምንስቀው እሷን አይተን ነው። ድሎት ግን ጆሮው ከግድግዳው ወዲያ ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ድሎት እንደ ሬሳ ነጣ። ሚስቱ አልሰማችም፤ ፊቷ እንደበራ ነው። እሱ አንድ ጊዜ አያትና ቀስ ብሎ ሄዶ ከፈተ። ነርሷ ናት፤ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ ዓይኗ አብጦ።

«ሲስተር፣ ይቅርታሽን» አለ ድሎት። «አሁኑኑ እናጠፋዋለን። ለቤቱ ባለቤት ብቻ እባክሽ…»

«ምኑን ነው የምታጠፉት?» አለች ነርሷ። «እኔ እኮ እማማ ታመው ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት። ስንት ሳምንት ሙሉ ድምፅ የለም፣ ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ሆኖ ሱቁ ዝግ ነው። ተኝቼ ስነሣ ጭር ብሎብኝ ደነገጥኩ።»

«ምንም አልሰማሽም?»

«ምን ልስማ?»

ድሎት የበሩን መቃን ያዘ። ከዚያ እንደ ተነፈሰ ጎማ «እፍፍ…» አለና ባለበት ቁጭ አለ፤ ቁጭ ያለውም ባዶ መሬት ላይ ነው። እኔ ሳቄን ለቀቅኩት። ነርሷ አንገቷን አስግጋ ጥጡን፣ መጋረጃውን፣ ባቡሩን አየች። አፏን በእጇ ያዘች።

«በእኔ ምክንያት ነው ይሄ ሁሉ? እኔ እኮ ቀስ ይበሉልኝ አልኩ እንጂ ይውጡ አላልኩም። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ወዲህ ራሴም ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ሕሊናዬ አስቸገረኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ያን ጊዜ ዞር አለችና አየቻት። «ሲስተር!» አለች በሩን እንደሚቆጣጠር ሰው ኮስተር ብላ። «በሩን ክፍት አድርገሽ ብርሃን አታስገቢ። ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ።»

ነርሷ ገባች። አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይታ ተቁነጠነጠች። «አባባ፣ ፍራሽ ሠሪ አይደሉም እንዴ? ምነው ትራስ እንኳን የለውም?»

«ልስላሴ ካማረሽ ሰኞ ሱቅ ነይ፤ በየትኛው ጎንሽ እንደምትተኚ እጠይቅሻለሁ» አላት ድሎት ከመሬቱ ሳይነሣ። «እዚህ ግን ትራስ ክልክል ነው።»

የዚያን ዕለት ራት አብሬያቸው በላሁ። ሳህኑ እንደ ቀረበ ተቆጣጣሪዋ ስለ ጣቢያው ሹም ማውራት ጀመረች። ባቡሩ እንዴት እንደ መጣ፣ ሰውዬው እንዴት እንደ ዋሸ፣ ውሸቱም ጀርባዋ ላይ እንዴት እንደ ተሰማት። ድሎት ፊልሙን ሁለት ጊዜ አጠገቧ ሆኖ አይቶታል። መጨረሻውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ቢሆንም ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ ትንሽ ጮክ አድርጎ፣

«ከዚያስ?» አላት።