የእታለም ኪኒን እኔ ጋ ቀረ

እታለም፣ ተነሽ እንጂ፤ የኪኒን ሰዓትሽ ደርሷል።

ለማታውቋት፣ እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ደጀን ከተማ ስለሚሠራ ደብረ ማርቆስ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የእንቅርት ሆርሞኗ በዝቶ ልቧ በኃይል ይመታ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጅ እንደምትፈልግ ስትነግረው ሐኪሙ ሦስት ምርጫ ሰጣት፦ ለእርግዝና ወደሚሻል ኪኒን መቀየር፣ ኦፕራሲዮን፣ ወይም በጨረራ አዮዲን ታክማ ቢያንስ ስድስት ወር መጠበቅ። «እስክትወስኚ ግን ኪኒኑን እንዳታቋርጪ» አላት።

የልጇን ስም መርጣ ጨርሳለች፤ ሕክምናውን መምረጥ ግን አቃታት።

ዲማ ጠበል ልትገባ ስትነሣ ኪኒኑን ከቦርሳዋ አወጣች። «ከጠበል ጋር አይሆንም፤ አንተ ጋ ይቆይ።» ተቀበልኳት።

ከዚያ ደወለችልኝ። «ቄሱ ኪኒንሽንም ዋጪ አሉኝ እኮ! ስመለስ እውጣለሁ» ብላ ሳቀች። ይዤላት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ኪኒኑ በመቋረጡ፣ ትኩሳትና የልብ ምት አጣደፋት። ሆስፒታል ደረሰች፤ አልተረፈችም።

እናንተ ቤት ይህ ሕመም ኖሮባት የወለደች አለች? ምን መረጠች? እባካችሁ ጻፉልኝ። «ያዙልኝ» ብትላችሁ ግን ኪኒኗን አትቀበሏት።

ለቀስተኛው ትናንት ተበተነ። ዛሬ ጠዋት የኪኒኗ አላርም ስልኬ ላይ ጮኸ። ውሃ ቀድቼ አልጋዋ አጠገብ ቆምኩ።