ስለ ልጁ የሚሰግደው ተሻገር

ተሻገር የሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ጎረቤቴ ነው፤ ከፍሪስኮ እስከ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር። ከአሥር ዓመት በላይ ደረቱ ውስጥ የሚመታው ልብ የራሱ አልነበረም። በመኪና አደጋ ከሞተ ወጣት የተወሰደ ነው። ስሙን ስለማያውቀው «ልጁ» ይለዋል። ደረጃ ስንወጣ «ቀስ በል፣ ልጁ ደክሞታል» ሲለኝ እስቅበት ነበር።

በየዓመቱ ስቅለትን ጎን ለጎን እንሰግዳለን። እኔ ስግደት ላይ ሰነፍ ነኝ፤ ጉልበቴን ሰበብ አደርጋለሁ። እሱ ግን አንዱንም ሳያጓድል ስለ ልጁ ነፍስ ይሰግዳል። ካቻምና ግንባሩን ምንጣፉ ላይ እንደደፋ ቀረ። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ እሱ እዚያው ነው። እንዴት ያለ ጸሎት ነው ብዬ ቀናሁበት። ሌሎቹም እንዳይረብሹት ዞረውት አለፉ። ለካ ራሱን ስቶ ኖሯል። የተተከለ ልብ ሲታመም ብዙ ጊዜ ሕመሙ አይሰማም፤ የሰሞኑን ድካሙን ደግሞ ሁላችንም በጾሙ አሳብበን ነበር።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሟ የልቡ ደም ስሮች ጠበዋል፣ ሌላ ልብ ካልተተከለለት አይቆይም አለች። እሱ እምቢ አለ።

«ሶ ልጁን አውጥተው ሊጥሉት ነው? ሁለተኛ ሊሞትብኝ?»

ቄሱ መከሩት፣ እኔ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሚስቱ እናትነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቱ ላይ አደረገች።

«ስንት ዓመት ሙሉ አኖረህ። ደክሞታል እኮ። አሁን ይረፍ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ። በማግስቱ እሺ አለ።

ብዙ ጠብቆ ልብ ተገኘለት፤ ቀዶ ጥገናውም ተሳካ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሄደ?» ብሎ ነው። ሄደ አልኩት። አዲሱ ደህና ይመታል። እሱ ግን ዛሬም ደረጃ መሃል ቆም ይልና ልጁን ይጠብቀዋል። ይናፍቀዋል፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ዘንድሮ ስቅለት ሐኪሟ ስግደት ከለከለችው። ማስክ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አዲሱን እኔ በጸሎት አስበዋለሁ። ስለ ልጁ አንተ ስገድልኝ።»

እኔ ሰነፉ ላብ እስኪያጠምቀኝ ሰገድኩ። ወደ መጨረሻው ላይ፣ አይቼው ለማላውቀው ልጅ እንባዬ መጣ፤ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ እንደደፋሁ ቆየሁ።

ተሻገር ከወንበሩ ወርዶ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ተነስ» አለኝ። «እባክህ ተነስ።»