የኮኪቷ ከሰል አክሳይ

ሴትዮዋ ኮኪት ክሊኒክ በመጣች ቁጥር አግዳሚው ላይ ከመቀመጧ በፊት ቁራጭ ካርቶን ታነጥፋለች፤ ጥላሸቷ ከእሷ በኋላ ለሚቀመጠው ሰው ልብስ እንዳይተርፍ ነው። የለበሰችው የሱዳን ቶብ ድሮ ቢጫ እንደነበር የሚያስታውቀው ከብብቷ ሥር ብቻ ነው። ሳል ሲመጣባት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ወጣቷ ነርስ አገኘሽ ደረቷን አዳምጣ እንደ ወትሮው መከረቻት።

«እትዬ፣ የጎዳዎት ጭሱ ነው። ከሰል ማክሰሉን ካልተዉ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንዎትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ሴትዮዋ። «ስንመጣ ይህ ሁሉ ጫካ ነበር። ባሌ መንጥሮ ሰሊጥ ዘራበት። ዝናቡ ሲከዳን፣ መሬቱም ሲነጥፍ፣ እኔን ጥሎ ሱዳን ተሻገረ። ዛሬ ግራር ለማግኘት ግማሽ ቀን እሄዳለሁ። ዛፉም እንደኔው እያለቀ ነው። ብተወውስ ምን በልቼ ልደር?»

አገኘሽ ችግኝ ስለ መትከልና ስለ ንጹሕ አየር ገንዳ ውሃ ከተማ ድረስ ሄዳ ሠልጥናለች፤ ለዚህ ጥያቄ ግን የሚሆን ነገር ማንም አልነገራትም። ያላትን የሳል ሽሮፕ ሰጥታ ሸኘቻት፤ ሴትዮዋም እየመረቀቻት ወጣች።

ወዲያው የክሊኒኩ ዘበኛ በበሩ ብቅ አለ።

«ሲስተር፣ የመርፌ መቀቀያው ከሰል አልቋል። ሴትዮዋ አንድ ማዳበሪያ ይዛለች፤ ልግዛው?»

መርፌ ሳይቀቀል ሰው አይወጋም። በረንዳው ደግሞ ትኩሳት ባንቀጠቀጣቸው የቀን ሠራተኞች ሞልቷል።

«ግዛው» አለች አገኘሽ አንገቷን ደፍታ።

ከውጭ የሴትዮዋ ሳል ተሰማ። ሳሉ ጋብ ሲልላት ምርቃቷ ቀጠለ።