አንዲት ሚስቴ ሦስት የሆነችበት ወረቀት

ሰው የስደቱን ወሬ ሲጀምር «በድቅድቅ ጨለማ ወጣሁ» ይላል። እኔ ከከሚሴ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዙሁር ሰግጄ፣ አገር እያየኝ። የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ልጄ ሰዓዳ ካናዳ ከገባች ቆይታለች፤ እኔንም የሰኢድን እናትም ልታስመጣ ወረቀት ሞላች፤ ወረቀቱም ደረሰ። የሰኢድ እናት ማለት ሚስቴ ናት። ሰኢድ የመጀመሪያ ልጃችን ነው፤ ጨፋ ላይ ማሽላ ያርሳል።

ወረቀቱ በደረሰበት ወር ጨፋ ሮቢት ያለችው አማቴ አልጋ ያዘች። የሰኢድ እናት «እናቴን በዚህ ሁኔታ ጥዬ አውሮፕላን አልሳፈርም፤ አንተ ቅደም» አለች። እኔ ደረቅ ነኝ ይሉኛል፤ እሷን አያውቋትማ! መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። የማሽላ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ኪሴ ውስጥ አፈሰሰችው።

«በል በሰላም ግባ፣ የሰኢድ አባት» አለችኝ።

«ደህና ሁኚ፣ የሰኢድ እናት» አልኳት።

ይኸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የተጠራራነው በዚህ ነው። እሷ ስሜን ጠርታ አታውቅም፤ እኔም ስሟን ጠርቼ አላውቅም። በእኛ ወግ ሚስቱን በስሟ በሰው ፊት የሚጠራ ወንድ ቀለል ያለ ሰው ነው። ስም የጓዳ ነገር ነው፤ አደባባይ አይወጣም። አባቴም እናቴን በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ዊኒፔግ የሚባል ከተማ ገባሁ። የብርዱን ነገር ብነግራችሁ ዋሸ ትሉኛላችሁ። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ ጥላ ያሳድደዋል፤ እዚህ ውጭ ቆሞ የተነፈሰ ሰው ጢሙ ላይ በረዶ ይበቅላል። ወተቱ ነጭ ነው፣ ብዙ ነው፣ ግን በወይራ ጭስ ያልታጠነ ወተት ምኑ ወተት ነው? ውኃ ነጭ ቀለም ለብሶ። ጎረቤቴን ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ሊፍት በር ላይ አግኝቼው፣ ሰዓዳ ያስተማረችኝን «ጉድ ሞርኒንግ» ብዬ፣ ቤተሰቡን ጠይቄ፣ ወደ ዝናቡ ወሬ ልሻገር ስል «ሃይ!» ብሎ ገባና በሩ ተዘጋ። ከብቱን እንኳ ሳልጠይቀው! ሰው ግን ክፉ አይደለም። በረዶ አዳልጦኝ ስወድቅ ያነሳኝ ያው «ሃይ» ባዩ ነው።

ዓመት አልፎ አማቴ አረፈች፤ አላህ ይርሐማት። አሁን የሰኢድን እናት እኔ ራሴ ላስመጣት ተነሳሁ። ፎርሙን ሰዓዳ ሞላችው። ከፎርሙ ጋር ግን የትዳራችንን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ ይያያዝ ተባለ። ሰዓዳ እኔ ልጻፈው ስትል እምቢ አልኩ።

«የእናትሽንና የእኔን ነገር ልጅ አይጽፈውም።»

«አባ፣ አንተ ፊደል የቆጠርከው መሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው እኮ!»

«ፊደሉ አልተለወጠማ!»

ሦስት ቀን ተቀምጬ ሦስት ወረቀት ጻፍኩ። በአንደኛው ስለ ጋብቻው፦ «የሼህ ሙሄን ልጅ በወግ በማዕረግ አገባሁ» አልኩ። በሁለተኛው ስለ ኑሯችን፦ «ከሰኢድ እናት ጋር አምስት ልጅ አሳደግን» አልኩ። በሦስተኛው ስለ መለያየታችን፦ «የቤቴ ሰው እናቷን ልታስታምም ቀረች» አልኩ። ጥርት ያለ ነገር! ከሚሴ ላይ ሕፃን ያነበዋል። አስተርጓሚ ቢሮ ወስደን በእንግሊዝኛ አስገለበጥነውና አስገባን።

ከዚያ ቢሮው ጠራኝ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ሦስቱን ወረቀት ፊቷ ደርድራ ተቀምጣለች። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ የወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ።

«አቶ እንድሪስ፣ ስንት ሚስት አለዎት?» ይላል ስልኩ።

«አንድ።»

ሴትየዋ ወረቀቶቹን አንድ ባንድ በእስክሪብቶ ነካች። «እርስዎ ያገቡት የሼህ ሙሄን ልጅ ነው። ልጅ ያሳደጉት ከሰኢድ እናት ጋር ነው። እናቷን ልታስታምም የቀረችው ደግሞ የቤትዎ ሰው ናት። እሷ ተከራይ ናት ወይስ ሠራተኛ?»

ሱብሃነላህ! የአርባ ዓመት ትዳሬን ለሦስት ከፈለችው፤ አንዷን ሲሶ ጭራሽ ተከራይ አደረገቻት።

«ሦስቱም እሷው ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«ይረጋጉ አባባ» አለ ልጁ ከራሱ ጨምሮ። ቀጥሎ ሴትየዋን ተረጎመ፦ «በፎርሙ ላይ ያለችው ሚስትዎ ሌላ ስም አላት። ያ ስም በሦስቱም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። እስቲ የሚስትዎን ስም ይንገሩኝ።»

እንዴት ብዬ ልጥራው! የማላውቃት ሴት ፊት፣ የማላየው ጎረምሳ በስልክ እየሰማ! ምላሴ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደኝ። ሴትየዋ ጠበቀች፣ ጠበቀችና የሆነ ነገር ጻፈች።

«ማብራሪያ ጽፈው በሠላሳ ቀን ያምጡ» ተባልኩ። «ካላመጡ ፋይሉ ይዘጋል።»

ውጭ ሰዓዳ አለቀሰች። «አባ፣ ስሟን ብትላቸው ምን ነበረበት?»

«አንቺ የእናትሽን ስም ከእኔ አፍ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እህሳ!»

«እህሳ ብለህ ልታስቀራት ነው?»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ቀደምኳት።

በሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት ለሽማግሌዎች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። አስተማሪያችን ሚስ ሩት ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች፣ እንደ እኔው ደረቅ ሴት። ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። የወረቀቴን ነገር ሰዓዳ አስረዳቻት። ሚስ ሩትም አንድ ጋዜጣ አምጥታ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርልኝ ጀመር። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ፣ ይገርማችኋል፣ አንድ ነገር ተናግሮ ዝም ብሎ አያልፍም። «ዛት ኢዝ ቱ ሴይ» ይልና ያንኑ ይፈታዋል። ካልበቃው «ኢን አዘር ወርድስ» ብሎ በሌላ ቃል ይደግመዋል። ምክንያት ሲያመጣ «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» ብሎ አስቀድሞ ያሳውቃል። የታወቁ፣ የማይለወጡ አባባሎች ናቸው፤ ልክ ሰው ቤት ስንደርስ «ቤቶች!» ብለን እንደምንጣራው። ወደ ማብራሪያው የሚገቡት ተጣርተው ነው።

እኔ ግን አልተቀበልኳትም። በሰዓዳ በኩል «ሰው አንድ ጊዜ ከተናገረ አይበቃም? ሰሚው ሞኝ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ሞኝ አይደለም፣ እንግዳ ነው» አለች ሚስ ሩት። «ሚስተር እንድሪስ፣ የቢሮዋ ሴት ሰኢድን ታውቀዋለች?»

«ከየት አውቃው!»

«ሼህ ሙሄንስ?»

«ሞተው እኮ ሃያ ዓመታቸው ነው!»

«እና ሴትየዋ በማን በኩል ነው ሚስትህን የምታገኛት?»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ የቦርከና ወንዝ ትዝ አለኝ። ልጅ እግር ሆኜ፣ በክረምት፣ አንድ የባቲ ነጋዴ ወንዙ ዳር ደርሶ መሻገሪያውን ጠየቀን። እኛ የጨፋ ሰዎች ከማዶ ሆነን «ትልቁ ድንጋይ ባለበት ግባ!» አልነው። ድንጋዩ ጎርፉ ከወሰደው ሦስት ዓመቱ ነበር። እኛ ግን አሁንም ቦታውን የምንጠራው በድንጋዩ ነው፤ ሁላችን እናውቀዋለን። ሰውየው የሌለ ድንጋይ ሲፈልግ ዘቅጦ ገባ። እሱን አወጣነው፤ አህያው ከነጨው ጭነቷ በጎርፍ ሄደች። አባቴ ያን ቀን «እንግዳን በጣት አታሻግሩት፣ በእጅ ያዙት» ብሎ ተቆጣን። እኔም ይኸው በስተርጅና ያቺን ሴትዮ ከማዶ ሆኜ በጣቴ አሻገርኳት።

እኛም እኮ ነገሩ አለን። እናቴ በኦሮምኛ ስታወጋ በየመሃሉ «ጄቹን» ትል ነበር። በአማርኛ «ማለት» እንላለን። እነሱም «ቱ ሴይ»። ሦስቱም «መናገር» ነው፤ አንዴ የተናገረ ለማያውቀው ደግሞ ይናገር ነው ነገሩ። እኔ በአፌ ስጫወት ስንቴ እለዋለሁ! ወረቀት ላይ ግን ኩራት ያዘኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የሰኢድ እናት ፈቃድ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከሚሴ ላይ የከሰዓቱን የአስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ፣ ደወልኩላት።

«ስምሽን ልጽፈው ነው» አልኳት።

«የት?»

«ደብዳቤ ላይ። ለመንግሥት።»

ሳቋ ጆሮዬን ሞላው። «ኧረ የሰኢድ አባት! አርባ ዓመት ደብቀህ ለፈረንጅ ልታሳየው?»

«ስላልጻፍኩት ሦስት ሆነሻል አሉኝ።»

«ሦስት? ለሦስቱም ቀለብ ላክልና! በል ጻፈው። ግን አስተካክለህ ጻፍ፤ ያንተ ፊደል እንደ ሰከረ ግመል ነው።»

ጻፍኩት። በአማርኛ እኔ፣ በእንግሊዝኛ ሰዓዳና ሚስ ሩት። እንዲህ ይላል፦ «የሼህ ሙሄን ልጅ አገባሁ፤ ይኸውም ዘምዘም ሙሄ ናት። የሰኢድ እናት ያልኳት ሌላ ሴት አይደለችም፤ ማለት ያቺው ዘምዘም ናት። የቤቴ ሰው ያልኳትም ተከራይ አይደለችም፤ በሌላ አነጋገር፣ ያለ እሷ ቤት የለኝም። ስሟን ቀድሞ ያልጻፍኩበት ምክንያት በአገራችን ወግ የሚስት ስም ስለሚከበር ነው። ንቄ አይደለም። ሰውሬም አይደለም።» ሚስ ሩት «ያለ እሷ ቤት የለኝም» የሚለው ላይ ደርሳ መነጽሯን አወለቀች። እርማት ልታወጣ ነው ብዬ ስፈራ «ይሄን ማንም እንዳይነካው» አለች።

ደብዳቤውን ራሴ ወሰድኩት። ያቺው ሴት እያየሁ አነበበችው። በስልኩ በኩል «እንግዲህ አንድ ናት ማለት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ናት። ትበቃኛለች።»

ሳቀች። ቢሮ ውስጥ የሳቀ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት። ማብራሪያው ፋይሉ ውስጥ ገብቷል፣ ውሳኔውን ጠብቁ የሚል ወረቀት ሰጠችኝ። ይኸው እየጠበቅን ነው። እስካሁን መልስ የለም። እኔ ግን ከወዲሁ ወፍራም ካፖርት ገዝቼላታለሁ፤ ሰዓዳ ሰፊ ነው ትላለች፣ የማሽላ ቆሎ የሚይዝ ኪስ አለው።

ደብዳቤው በገባ ዕለት ደውዬ ነገርኳት።

«ጻፍከው በቃ?»

«ጻፍኩት።»

«ፈረንጆቹ አነበቡት?»

«አነበቡት።»

ከኋላዋ የሰኢድ ልጆች ሲንጫጩ፣ በሬ ሲያገሳ ይሰማኛል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ብቻ ነኛ ያልሰማሁት» አለች።

ግራ ቀኝ አየሁ። ሰዓዳ ሥራ ሄዳለች። ቤት ውስጥ እኔና በረዶ የተለጠፈበት መስኮት ብቻ።

«የሰኢድ እናት» አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ማለት… ዘምዘም።»

«አቤት» አለች።

አርባ ዓመት አብረን ኖረን ይህችን «አቤት» ሰምቻት አላውቅም። እንደገና ልጠራት ፈለግሁ፤ አፈርኩ።

«አንቺስ የኔን አትይም?» አልኳት።

«እዚያ መጥቼ ነው የምጠራህ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።