ስድስተኛው ምት

የሆስፒታሉ ኮሪደር ግድግዳ ቀለሙ ተፈርፍሮ እጄ ላይ ቀረና ሳሸተው ጠመኔ ጠመኔ አለኝ። በሌላው እጄ የአስቴርን የምርመራ ውጤት ይዣለሁ። እሷ መነጽሯን ላንቴ፣ ቤቷ ረስታ መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ፣ "ምን ይላል? አንብቢልኝ እንጂ" ትለኛለች። እኔ ግን መሃሉ ላይ የተጋደመውን ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይ ጣቴ ሳላዘው ቃሉን መቆራረጥ ጀመረ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ክንድ የሚያህል ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፉና አንዳችንን ጠርተው በጠመኔ እያሰመርን እንድንከፋፍለው ያዙናል፤ የተጠራው ከሳተ የሚንበረከከው ዴስኩ በሙሉ ነው፣ ያውም ደጅ፣ ጠጠር ላይ፣ በዚያ በአርባ ምንጭ ፀሐይ። ፍርሃቴን ምን ልበላችሁ! የጫማቸው ኮቴ ገና ከደጅ ሲሰማኝ ነው የሚጀምረኝ። የዴስክ ጓደኛዬ አስቴር ግን መላ አበጀችልኝ፤ ዴስካችን ከሰሌዳው አጠገብ ስለሆነ ቃሉን በሆዷ ትልና ለእያንዳንዱ ቁራጭ በፕላስቲክ ጫማዋ ሲሚንቶውን መታ ታደርጋለች፣ እኔ እሱን እየሰማሁ አሰምራለሁ።

አንድ ቀን "ሪስፖንሲቢሊቲ" ደረሰኝ። አስቴር ኩልፎ ወንዝ ድንጋይ ላይ ወድቃ የተላጠ ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላው ስለነበር፣ ዛሬስ እንዳላስቀጣት ብዬ ጆሮዬን ወደ እግሯ ጣልኩ። አምስት ጊዜ መታች፣ ትንሽ ቆየችና አንድ ጨመረች። እኔ ሞኟ የመጨረሻዋን ከእግሯ ላይ ቢምቢ ስታባርር ነው ብዬ ተውኳት! አገሩ የቢምቢ አይደል? አምስት ላይ ቆረጥኩ። ወጥተን ተንበረከክን፤ ጨርቁ በደም ሲርስ እያየሁ እኔ ሳለቅስ፣ የቢምቢዋን ነገር ስነግራት እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አሁን ጣቴ ሰባት ቁራጭ አገኘ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አላውቃቸውም። የኋለኞቹን አራቱን ግን አውቃቸዋለሁ፤ ካንሰር የገደለውን ወንድሜን ከመቅበራችን በፊት የእሱም ወረቀት ላይ ነበሩ፣ "ካርሲኖማ"።

"አዲኖ..." አልኳትና ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩ።

አስቴር በእግሯ ሦስቴ መታች፣ ጠበቀችኝ፣ ፊቴን አየችው።

"ቀሪውስ? ቢምቢ መሰለሽ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ያኔ የምፈራው የጫማ ኮቴ ነበር፤ ጠጠሩም ላይ ቢሆን አብረን ነው የተንበረከክነው። በዚህኛው ግን ብቻዋን ነች፣ አብሬያት ልንበርከክ ብል እንኳ አይሆንልኝም። ወረቀቱን አጠፍኩና አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ፣ የቀሩትን አራቱን አንድ በአንድ ነገርኳት።

በእግሯ አልመታችም።