ጠግበው የተኙ መስሎት

ራዶስቲን ካሜራ የገዛው የሰው ሠርግ ለማንሳት ነበር። በሮዶፒ ተራሮች ሥር ያሉትን ሙሽሮች ሲያነሳ ኖሮ፣ በሠላሳ ዓመቱ ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ጥንብ አንሳ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ያኔ እረኞቹ ለተኩላ ብለው ሥጋ ላይ መርዝ ይነሰንሱ ነበር፤ የሚያልቁት ግን ወፎቹ ነበሩ። ቤት ለቤት እየዞረ፣ ራኪያ የሚሉትን አረቄያቸውን እየጠጣ፣ "መርዙን ተዉት፣ የሞተ ከብታችሁን ለወፎቹ ስጡኝ" ብሎ ለመናቸው። መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ሰጡት። የቀሩት ሰባት ወፎች በሃያ ዓመት ስልሳ ሆኑ።

አንድ ቀን የወሰደው የመንደሯን አሮጊት የእማማ ዝላትካን የሞተች አህያ ነበር።

"አንተ የጥንብ ሙሽራ፣" አሉት መኪናው ላይ ሲጭናት፣ "ዕድሜዋን ሙሉ ትንባሆዬን ተሸክማልኛለች። ሜዳ ላይ ጥለሃት እንዳትሄድ!"

"ኧረ እማማ፣ ሰማይ ነው የምትወጣው!"

"እንግዲያው ስትወጣ ላያት እመጣለሁ።"

ራዶስቲን አህያዋን ገደሉ አፋፍ ላይ አውርዶ ከድንጋይ በሠራት መደበቂያው ገባ። ወፎቹ ወረዱ፤ ተራኮቱ፤ በሉ። ከዚያ አንዷ አንገቷን ደፋች። ሌላዋ ክንፏን ዘርግታ ጋደም አለች። ጠግበው የተኙ መስሎት ደስ አለው። ጥንብ አንሳ እንዲህ ተዘርግቶ ሲተኛ ማን አንስቶ ያውቃል? አርባ ፎቶ አነሳ። አራተኛዋ ወፍ በግንባሯ ስትደፋ ግን ጣቱ ደረቀ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለወፎቹ ታይቶ የማያውቀው ሰው በሩን በርግዶ ወጣ። "ሂዱ! ተነሱ!" እያለ ኮቱን አወናጨፈ። የቻሉት በረሩ። ዘጠኙ አልተነሱም። አንዷን አቀፋት፤ ገላዋ ይሞቃል፤ አንገቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ።

እማማ ዝላትካ በምርኩዝ እያዘገሙ ደረሱ።

"ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?"

"እማማ... አህያዋ እንዴት ነው የሞተችው?"

"እግሯ ተሰብሮ ስትሰቃይ አንጀቴ አልቻለም። የከብት ሐኪሙ እንድታርፍ አንዲት መርፌ ወጋልኝ። እንደ ሕፃን እኮ ነው የተኛችው!"

እረኞቹን ሁሉ "መርዝ ነክቶታል ወይ?" ሳይል ከብት ተቀብሎ አያውቅም። እማማ ዝላትካን ግን አልጠየቀም።

"የመርፌው መርዝ ሥጋዋ ውስጥ ነው" አለ።

አሮጊቷ ወፎቹን አንድ በአንድ አዩ። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው?"

"እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

ያመለጡት ወፎች ከላያቸው መዞር ጀምረው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ዞር እስኪሉላቸው እየጠበቁ ነው።

"ታዲያ ምን ትገተራለህ?" አሉ አሮጊቷ፤ ካፖርታቸውን አውልቀው አህያዋ ላይ ጣሉት። "ሂድ፣ ናፍጣ አምጣና እናቃጥላት! አንዲትም ወፍ አትወርድም!"

መኪናው ጋ ደርሶ ዞር ሲል፣ እማማ ዝላትካ ምርኩዛቸውን ወደ ሰማይ እየሰነዘሩ፣ እያለቀሱ ይሳደባሉ።